ከክረምት ዕረፍት በኋላ ወደ ኮሌጅ ስለ መመለስ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 እኛ ከዚህ ተማሪ ቤት ወጥተን በየኮሌጁና በየዩኒቨርሲቲው የምንማር፤ ክረምት ሲገባ ግን ተመልሰን ሞፈርና ቀንበር የምንይዝ ወይም ከእናታችን ጋር ጓዳ የምንገባ የጋይንት ልጆች ነን። የተሰጠን ርእስ ከዕረፍት በኋላ ወደ ኮሌጅ ለመመለስ ስለሚደረገው ዝግጅት ነው። ርእሱ ሲሰማ ስለ ሻንጣና ስለ ብርድ ልብስ የሚወራ ይመስላል። ስለ እነርሱም ጥቂት እንላለን፤ ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

ዋናው ጉዳይ፤ በአገራችን ኮሌጅ የሚከፈተው ጎተራው ባዶ በሆነበት ወራት መሆኑ ነው። ገብሱ፥ ስንዴውና ጤፉ ገና በማሳ ላይ ነው። ብዙው የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ተወቅቶ ጎተራ የሚገባውም ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ የሚሸኘው ግን በመስከረም ወይም በጥቅምት ነው። ስለዚህ አባት ለመሳፈሪያ፥ ለደብተርና ለኪስ የሚሆን ገንዘብ በሚፈልግበት ወር ከቤቱ የሚሸጥ እህል አያገኝም፤ እንዲያውም ለቤተ ሰቡ ቀለብ ራሱ የሚሸምትበት ጊዜ ነው። በዚህ ምክንያት አንዱ ገና ያልታጨደውን እህል ተስፋ አድርጎ ይበደራል፤ ሌላው የምታረባውን በግ በርካሽ ይሸጣል፤ ሌላው ደግሞ «ዘንድሮስ ይቅርብህ፤ ለከርሞ ትሄዳለህ» ይላል። ከሦስቱ የከፋው ይህ የመጨረሻው ነው። ለከርሞ የተባለ ተማሪ፥ ከርሞም ያው መስከረምና ያው ባዶ ጎተራ ይጠብቀዋልና።

ነገር ግን የኮሌጅ መከፈቻ እንደ ድንገተኛ እንግዳ የሚመጣ አይደለም፤ በየዓመቱ ይታወቃል። እንግዲያው ዝግጅቱ መጀመር የሚገባው በነሐሴ ሳይሆን በጥር ነው። እህሉ ጎተራ በገባ ጊዜ ከእርሱ ጥቂት ሸጦ አንድ ጠቦት መግዛት ይቻላል። ጠቦቱ በጋውን በገለባና በአተላ ይከርማል፤ ዝናቡ ሲጥል በለምለሙ ሣር ይሰባል፤ ለእንቁጣጣሽ ገበያም ይደርሳል። የበግ ዋጋ በዓመቱ ውስጥ ከፍ ከሚልባቸው ገበያዎች አንዱ ይህ መሆኑን እናቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በጉን ከተገዛበት ቀን ጀምሮ «የተማሪው» ብሎ መሰየም መልካም ነው፤ ስም የወጣለት ከብት ለሌላ ጉዳይ በቀላሉ አይሸጥም። ድንች የሚተክል ቤትም በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ድንቹ ከእህሉ ቀድሞ ይደርሳልና።

ወላጆቻችን እንዳይፈሩ አንድ ነገር እንጨምር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ የቀለቡንና የመኝታውን ወጪ በየመስከረሙ ከአባቱ ኪስ እንዲያወጣ አይገደድም። በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት ድርሻውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚፈለገው ገንዘብ በሩቅ ሆነው እንደሚገምቱት ብዙ አይደለም። ነገር ግን ያ ጥቂት ገንዘብ በመስከረም ካልተገኘ ልጁ መናኸሪያ አይደርስም።

ተማሪውም ቢሆን ክረምቱን በቤቱ እንግዳ ሆኖ እንዲያሳልፍ አንደግፍም። «እጁ ቀለም ነክቷልና ሞፈር አይንካ» የሚል ወላጅ አለ። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን አይጠቅምም። በሐምሌና በነሐሴ የጤፍ እርሻውና አረሙ የሰው እጅ የሚፈልግበት ወቅት ነው፤ የልጁ ጉልበት ቤቱን ካገዘ ለሽኝቱ የሚወጣው ገንዘብ ምጽዋት አይመስለውም።

ስለ መመለስ ስንናገር፥ ከእኛ በፊት በዚህ ምድር ስንት ተማሪ እንደ ተመላለሰበት ማሰብ ይገባል። የቅዱስ ያሬድን ድጓ ተምሮ መምህር ሊሆን የሚሻ ሰው የሚያስመሰክረው በዚህ በጋይንት፥ በቤተ ልሔም ነው። በሌላ አገር ዓመታት ሙሉ የተማረ፥ ድጓውንም በብራና በእጁ የጻፈ ሰው ሳይቀር ይመጣል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስመሰክረውም እንዲሁ ወደ ጋይንት፥ ወደ ዙር አባ ይመጣል። ከጎጃም፥ ከሸዋ፥ ከወሎና ከትግራይ በእግሩ እየተጓዘ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፥ የመንደር ውሻ በበትር እየተከላከለ የመጣው ተማሪ ቁጥር ስፍር የለውም። ስለዚህ ጋይንት ልጆቿን ወደ ሩቅ አገር ኮሌጅ መስደድ ብቻ ሳይሆን የሰውን አገር ልጆች ተቀብላ ማስተማርም የኖረችበት ነው። ቶማስ ፓክንሃም የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 ወደ ቤተ ልሔም መጥቶ፥ በክብ የሣር ክዳን ውስጥ የተሸሸገውን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አይቶ በመጽሐፍ ጻፈ። የድጓ ተማሪ ግን እዚህ ድረስ የሚደክመው ሕንፃውን ፍለጋ ሳይሆን መምህሩን ፍለጋ ነው።

የድጓ ተማሪ ለምኖ ስለሚያድር የጎተራው ወር እንደ እኛ አያስጨንቀውም። የእርሱ ጭንቀት ሌላ ነው። ዜማው በጆሮ የሚገባና በቃል የሚያዝ ስለሆነ፥ ወላጆቹን ሊጠይቅ አገሩ ገብቶ ጥቂት ወራት ቢከርም፥ ሳይከልሰው የቀረው ቀለም ይጠፋበታል። ስለዚህ በመንገድ ሲሄድ ያንጎራጉራል፤ ከብት ሲጠብቅም ያዜማል። ሲመለስ በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ያሰማል፤ ያኔ ይዞት የመጣውና ጥሎት የመጣው ሁሉ ይታወቃል።

የቅዱስ ያሬድንም ታሪክ ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ ሰምተነዋል። ትምህርት አልገባው ብሎ ከአክሱም ሸሽቶ ሳለ ማይ ኪራሕ በተባለው ስፍራ አንዲት ትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉ ላይ ስትወጣ አየ ይባላል። ተናጋሪዎች ሁሉ የሚያደንቁት ትሏን ነው። እኛን ይበልጥ የሚገርመን ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ያሬድ ሌላ አገር፥ ሌላ መምህር አልፈለገም፤ ወደዚያው ወደ አጎቱ ወደ ጌዴዎን ተመልሶ ይቅርታ ጠይቆ ካቆመበት ቀጠለ።

የእኛ ኮሌጅ እንደ ድጓው መምህር በር ላይ አያሰማንም። መታወቂያ ያሳየና የተመዘገበ ተማሪ ሁሉ ባዶ ጭንቅላት ይዞም ቢሆን ይገባል። ችግሩ የሚታየው በሁለተኛው ሳምንት ነው። አስተማሪው አምና የተማርነውን ካልኩለስ እንደ ታወቀ ነገር ቆጥሮ በእርሱ ላይ ሌላ ይጨምራል። ሁለት ወር ደብተር ያልገለጠው ልጅ ያን ጊዜ ወደ ኋላ መሮጥም ወደ ፊት መሮጥም ይሳነዋል። ስለዚህ ወደ ኮሌጅ መመለስ የሚጀምረው ደብተርን በዶርም ትቶ ባለመምጣት ነው። ከብቱ ሳይሰማራ፥ በማለዳ፥ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ማታ ግን፥ ከአረም ለተመለሰ ሰው፥ እንቅልፉ ያሸንፋል።

ከዚህም የሚሻል ክለሳ እናውቃለን፤ ይኸውም ታናናሾችን ማስተማር ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ፥ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት በመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ፈተናውን አልፎ ኮሌጅ የገባ ልጅ በየመንደሩ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ አስቡ። ያ ጥቂት ሰው በክረምት ለሰፈሩ ልጆች ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያስረዳ፥ እነርሱ ይጠቀማሉ፤ እርሱም ሳያውቀው የራሱን ይከልሳል።

ስለ እኅቶቻችን ለብቻ መናገር ግድ ነው። ወንዱ ከእርሻ ሲመለስ እግሩን ታጥቦ ይቀመጣል። እኅቱ ውኃ ቀድታ፥ እንጀራ ጋግራ፥ ቡና አፍልታ፥ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ እኩለ ሌሊት ይቃረባል። በክረምት ያልከለሰች ሴት ተማሪ ብትገኝ ሰነፍ ናት ለማለት አንቸኩል። ለእርሷም እንደ ወንድሟ አንድ ሰዓት ይከፈልላት፤ በዚያ ሰዓት ውኃውን ወንድሟ ይቅዳ። እኛ ወንዶቹ ውኃ መቅዳት ክብራችንን እንደማይቀንስ ከዶርም ኑሮ ተምረነዋል። ደግሞም ልጅቱ ከኮሌጅ በመጣች በሳምንቱ ሽማግሌ የሚልክ አይጠፋም። ሠርጉ በጥር ቢሆንም ቃሉ የሚቋጠረው በክረምት ነው። አባቶቻችን፤ «ትመረቅና ራስዋ ትመልስላችኋለች» ብላችሁ ሽማግሌውን በክብር መሸኘት ትችላላችሁ። ሽማግሌ በዚህ አይቀየምም፤ ቢቀየምም ያልፍለታል።

ወደ ሻንጣው እንምጣ። አዲስ ገቢ የሆነ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ማስረጃውን ዋናውንና ቅጂውን፥ ጉርድ ፎቶግራፍ፥ ብርድ ልብስ፥ አንሶላ፥ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይያዝ። ዋናውንና ቅጂውን በአንድ ላይ አያስቀምጥ፤ ሁለቱንም በላስቲክ ይጠቅልል፤ የመስከረም ዝናብ ገና አላበቃምና። ስንቅ የሚሆነው ቆሎ፥ በሶና ድርቆሽ ነው። በአኩፋዳ ፈንታ ሻንጣ ብንይዝም ከቆሎው ገና አልተላቀቅንም።

ስለ መንገዱም ማሰብ ይገባል። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደው ዋና መንገድ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ ያልፋል፤ ከስማዳ፥ ከእስቴና ከታች ጋይንት ቀበሌዎች የሚነሣ ተማሪ ግን መኪና እስኪያገኝ ድረስ ጭቃና የሞላ ወንዝ ይጠብቀዋል። ምደባው ጅማ ወይም አርባ ምንጭ ከሆነ ደግሞ ጉዞው ቀናት ይወስዳል። ከዚህም በላይ መንገድ በዝናብ ብቻ እንደማይዘጋ አይተናል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭትም ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘግተው ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። ቀደም ባለው ዘመንም፥ በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪዎቹና መምህራኑ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተልከዋል። ስለዚህ ከምዝገባው ቀን ጥቂት ቀናት ቀድሞ መነሣት፥ የመንገዱንም ወሬ ከሹፌሮች መጠየቅ ፈሪነት አይደለም።

በሕመም፥ በገንዘብ እጦት ወይም በመንገድ መዘጋት ምክንያት መመለስ ያልተቻለ እንደሆነ ግን ዝም ብሎ መቅረት አይገባም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ደንብ አለው፤ ሆኖም ለሬጅስትራር አሳውቆ በወጉ ያቋረጠ ተማሪ ተመልሶ ለመግባት የሚያመለክትበት መንገድ አለው፤ ሳያሳውቅ የጠፋው ግን ቦታውን ሊያጣ ይችላል። በክረምት የታመመ ልጅ ያለው ወላጅ የሐኪሙን ወረቀት እንዳይጥል፥ ስልክም ቢሆን አስደውሎ እንዲያሳውቅ አደራ እንላለን።

ከዚህ ጉባኤ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ጠረጴዛ አቅርበን እንቀመጣለን። ዘንድሮ ኮሌጅ የምትገቡ ታናናሾቻችን ማስረጃዎቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የጎደለ ወረቀት ካለ ቢሮው ሳይዘጋ አብረን እንጠይቃለን። የአምና ደብተሮቻችንንም አምጥተናል፤ የሚፈልግ ይውሰድ።