ከአደባባይ እስከ ምክር ቤት፦ የካርቱም ወጣቶች መንገድ



ወጣቶች የአንድን አገር ፖለቲካ ሊለውጡ ይችላሉ ወይ ለሚለው ጥያቄ ካርቱም መልስ ሰጥታለች። ይችላሉ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከለውጡ ማግስት ያለው ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 የዳቦ ዋጋ መናር በአትባራ ከተማ የቀሰቀሰው ቁጣ ካርቱም ሲደርስ፣ ጥሪውን የሚያስተላልፈው የሱዳን ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ሰዉን ከየቤቱ የሚያወጡት ግን በቡሪ፣ በባህሪ፣ በኦምዱርማን የተደራጁ የሰፈር ወጣቶች ነበሩ፤ «የተቃውሞ ኮሚቴዎች» ይባላሉ። ኤፕሪል 6 ቀን 2019 በጦር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ተቀመጡ። ቀኑ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኒሜሪ በ1985 የወደቀበት ዕለት ነው። ከአምስት ቀን በኋላ የፕሬዚዳንት ኦማር አል በሽር የሠላሳ ዓመት አገዛዝ አበቃ።

ሥልጣኑን ግን ጦሩ ያዘ፤ ጁን 3 ቀን የጸጥታ ኃይሎች ይህን በመቃወም ተቀምጦ የነበረውን ሕዝብ በጥይት በተኑት። ከመቶ በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ኢንተርኔትም ተዘጋ። ወጣቶቹ ወረቀት እያደሉ፣ በር እያንኳኩ ጎረቤቶቻቸውን ቀሰቀሱ። ጁን 30 ቀን የካርቱም ጎዳናዎች በሰው ጎርፍ ተሞሉ። መንግሥት ያልሰጣቸውን፣ መንግሥትም ሊዘጋው የማይችለውን መረብ ራሳቸው ዘርግተው ነበር። ለእኔ የዚህ ትውልድ ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በጦሩና በሲቪሎቹ መካከል ወደሚደረግ ድርድር ዞረ። የአፍሪካ ኅብረትና የእኛው አገር የኢትዮጵያ ልዑክ አምባሳደር ማህሙድ ድሪር አሸማገሉ፤ ኦገስት 17 ቀን የሽግግሩ ሕገ መንግሥታዊ ሰነድ ተፈረመ። ሰነዱ ከአባላቱ ቢያንስ 40 በመቶው ሴቶች የሚሆኑበት የሕግ አውጪ ምክር ቤት እንዲቋቋም ያዝዝ ነበር። ያ ምክር ቤት አንድም ቀን ሳይሰበሰብ ኦክቶበር 25 ቀን 2021 ጦሩ ሥልጣኑን ጠቀለለ። የሰፈሩ ወጣት ወደ መንግሥት ሊገባ የሚችልበት ዋነኛ በር ይኸው ምክር ቤት ነበር። መዘግየቱን እንደ ተራ ጉዳይ ያዩት ፖለቲከኞች ከባድ ስህተት ሠርተዋል ብዬ አምናለሁ።

እኛ ኢትዮጵያውያንም ለውጥ የጠየቀ ወጣት በሩ ሲዘጋበት ምን እንደሚሆን እናውቃለን። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ወጡ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁን ያወጀው ግን ወታደራዊው ደርግ ነው። ጥያቄው ተመለሰ፤ ጠያቂው ግን የሚመክርበት ቦታ አላገኘም፤ ብዙዎቹም በቀይ ሽብር አለቁ።

የካርቱም ኮሚቴዎች ግን ከዚህ አንድ እርምጃ አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥልጣን ከሰፈር ምክር ቤት ተነሥቶ ወደ ላይ የሚገነባበትን ቻርተር ጽፈው አወጡ። ጦሩን «አንደራደርም፣ አንጋራም፣ ዕውቅና አንሰጥም» ማለታቸውን ግትርነት ነው ያሉ አሉ፤ በአንድ በኩል አልተሳሳቱም። ሆኖም አማራጭ ሐሳብን በጽሑፍ አስቀምጦ ለሕዝብ ማቅረብ ብዙ ያረጁ ፓርቲዎች ያላደረጉት ነው።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በጦሩና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ያው የሰፈር መረብ «የአደጋ ጊዜ ክፍል» የሚባል የእርዳታ ማስተባበሪያ ሆነ። ወጣቶቹ የጋራ ማዕድ ቤት ከፈቱ፣ ቁስለኛ አሸሹ፣ መድኃኒት አፈላለጉ። በሁለቱም ተፋላሚ ወገኖች የታሰሩና የተገደሉ አሉባቸው።

ስለዚህ ለሱዳን ሰላም የሚሸመግሉ ሁሉ፣ አዲስ አበባ የሚገኘውን የአፍሪካ ኅብረትን ጨምሮ፣ ለእነዚህ ወጣቶች የታዛቢ ሳይሆን ድምፅ የሚሰጥ ወንበር ይስጡ። የሕግ አውጪው ምክር ቤት የሚቋቋምበት ቀንም ከሰላም ስምምነቱ ፊርማ በፊት ይቆረጥ።