የቀለም ስምና የቀለም ቁጥር



በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ ከሚገኙት የክርና የጨርቅ መደብሮች ደጃፍ ጥቂት ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ አንዲት ገዢ «ወይን ጠጅ ክር አለ?» ብላ ከጠየቀች በኋላ ወዲያው ከቦርሳዋ የጨርቅ ቁራጭ ስታወጣ ማየቱ አይቀርም። ነጋዴውም በስሙ አይተማመንም፤ ክሩን ከቁራጩ ጋር አስጠግቶ፣ የመደብሩ አምፖል እንዳያታልለው ወደ ደጅ ወጥቶ በፀሐይ ብርሃን ያመሳክራል። ለአንዱ ወይን ጠጅ ማለት የጠቆረ ቀይ ነው፤ ለሌላው ወደ ሐምራዊ የሚያዘነብል ነው። ሐምራዊም ራሱ ቢሆን ለአንዳንዱ የጽጌረዳ መልክ ነው። ለሠርግ ልብስ ጥለት የተመረጠ ክር ሳይስማማ ቢቀር ጉዳቱ በክሩ ዋጋ አያበቃም፤ የሸማኔው ድካምና የሠርጉ ቀጠሮም አብረው ይበላሻሉ።

ይህ ንግድ ወደ ድረ ገጽ ሲሻገር ግን ቁራጩ ጨርቅ ይቀርና ስሙ ብቻውን ይጓዛል። ገጹን የሚያሰናዳው ባለሙያ ለገዢው የሚመረጡትን የቀለም ምልክቶች በእንግሊዝኛ ስማቸው ጽፎ ያሳያል፤ ስሙን ወደ ቀለም የሚለውጠው ደግሞ ብራውዘር የተባለው የገጽ መቃኛ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በኮምፒዩተር ማንኛውም ቀለም የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን ድብልቅ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ መጠን ከ0 እስከ 255 ይቆጠራል። የስሞቹ መዝገብ ግን ከአንድ እጅ የወጣ አይደለም። አንደኛው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከተጀመረው «ኤክስ» ከተባለው የመስኮት ሥርዓት ጋር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጠናቀረው ነው። ሁለተኛው በ1997 እ.ኤ.አ. በኤችቲኤምኤል 3.2 ደንብ የሰፈረው የ16 ስሞች ዝርዝር ነው። «ግሪን» በመጀመሪያው መዝገብ 255 የሆነ ብሩህ አረንጓዴ ነው፤ በሁለተኛው ግን 128 ብቻ ነው። ለወይን ጠጅ የሚቀርበው «ማሩን» በመጀመሪያው 176፣ 48፣ 96 ሲሆን በሁለተኛው 128፣ 0፣ 0 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ የክር ነጋዴ አንድ ናቸው አይልም።

የኋለኞቹ ደንቦች ሁለቱን መዝገቦች ባዋሐዱ ጊዜ «ግሬይ» (አመድማ) ከ16ቱ ተወስዶ 128 ሆነ፤ «ዳርክግሬይ» (ጥቁር አመድማ) ግን ከኤክስ እንዳለ በመወሰዱ 169 ሆኖ ቀረ። ስለዚህ «ጥቁር» የተባለው ከተራው ይልቅ የነጣ ነው! ይህም የአንድ መቃኛ ጉድለት ሳይሆን ዛሬም በደንቡ ጸንቶ የሚገኝ ነገር ነው። በአንጻሩ፣ እስከ 7ኛው እትም የነበረው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ይህንኑ «ግሬይ» በአሜሪካ አጻጻፍ ሲያውቀው በእንግሊዝ አጻጻፍ አያውቀውም ነበር። አንዲት ፊደል ቀለሙን ታጠፋው ነበር ማለት ነው።

የአማርኛ ስም ቢጻፍስ? በአሮጌው ዘዴ፣ የገጹ መደብ ቀለም በራሱ በኤችቲኤምኤል መለያ ውስጥ ሲታዘዝ፣ መቃኛው የማያውቀውን ፊደል ሁሉ እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል። ስለዚህ «ቀይ» ብሎ ያዘዘ ሰው ጥቁር ገጽ ያገኛል። በሲኤስኤስ ግን ያው ቃል ጨርሶ ይተዋል፤ ገጹም እንደነበረ ይቆያል። ሁለቱም ዝም ብለው ያሳስታሉ እንጂ ስሕተቱን ለአንባቢ አይናገሩም።

ስለዚህ ባለሙያው ስሙን ለሰው ንባብ ብቻ ትቶ፣ ለመቃኛው ቁጥሩን ቢጽፍ ይሻላል። ቁጥሩም ትርጉም የሚኖረው የጋራ መለኪያ ሲኖረው ነው፤ ለዚሁም በ1999 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ኤስአርጂቢ የተባለውን ደረጃ አጽድቋል። ይሁንና የገዢው ስልክ መስታወት ያረጀ ወይም ብርሃኑ የተቀነሰ እንደሆነ፣ በትክክል የተጻፈው 128 ሌላ ሆኖ ይታያል፤ ይህን የገጹ አዘጋጅ ከመርካቶ ሆኖ ሊያርመው አይችልም። የጥለት ክር በስልክ የሚታዘዝ ከሆነ፣ ሽመናው ከመጀመሩ በፊት የቀሚሱን ቁራጭ ለነጋዴው በመልእክተኛ መላክ አሁንም አስፈላጊ ነው።