የአድራሻ ርስትና ድልድሉ



በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ የርስት ክርክር መነሻው አቅኚ አባት ነበር። ምድሩን አስቀድሞ ከያዘው ሰው በአባት ወይም በእናት በኩል መወለዱን ያስረዳ ሁሉ ድርሻውን ይጠይቃል፤ ማስረዳት ያልቻለ ግን የሰው መሬት እያረሰ ይኖራል። ይህ ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ተሽሯል።

የኢንተርኔት አድራሻም የራሱ አቅኚ አባቶች አሉት። አራተኛው እትም የሚባለው አድራሻ በ32 ቢት የሚጻፍ በመሆኑ ጠቅላላ ቍጥሩ ከ4.3 ቢልዮን አያልፍም። መረቡ ገና ከምርምር ቤት ሳይወጣ ለአንዳንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና ኩባንያዎች ለእያንዳንዳቸው ከ16 ሚልዮን የሚበልጥ አድራሻ ተሰጥቷል፤ ኢትዮጵያ ከመረቡ የተገናኘችው ግን በ1989 ዓ.ም. ነው። ጥር 26 ቀን 2003 ዓ.ም. የዓለሙ ክምችት አለቀና የቀሩት 5 ድርሻዎች ለ5ቱ የአህጉር መዝጋቢዎች አንድ አንድ ተሰጡ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደንበኛ በአንድ አድራሻ ተዳብሎ መኖር ግድ ሆኖበታል።

ስድስተኛው እትም በ128 ቢት ይጻፋል። እንዲህ የተትረፈረፈ ከሆነ ደንብ ለምን አስፈለገ? መልሱ ከብዛቱ ሳይሆን ከአቀማመጡ ይገኛል። የመንዝ ገበሬ ማሳው እዚህም እዚያም መበታተኑ ይጠቅመዋል፤ በረዶ አንዱን ጋራ ቢመታ በሌላው እህል ይተርፈዋልና። በአድራሻ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ተበጣጥሶ የተሰጠ አድራሻ በዓለም ባሉ ታላላቅ ራውተሮች መዝገብ ላይ ለየብቻው አንድ አንድ መስመር ይወስዳል። ነሐሴ 2006 ዓ.ም. የአራተኛው እትም መስመሮች 512 ሺሕ ሲያልፉ የአሮጌ ራውተሮች ማኅደር ሞልቶ በብዙ አገር አገልግሎት ተስተጓጕሏል። ስለዚህ ድርሻው ሰፊና ያልተቈራረጠ እንዲሆን ያስፈልጋል፤ አንዳንድ መዝጋቢዎችም ባለድርሻው ሲያድግ እንዲይዘው በአጠገቡ ክፍት ቦታ ይተዉለታል።

መቀመጫውን በሞሪሸስ ያደረገው የአፍሪካ መዝጋቢ አፍሪኒክ ለአንድ አገልግሎት ሰጪ የሚሰጠው መነሻ ድርሻ ለ65,536 ድርጅቶች ይበቃል፤ እያንዳንዱም ድርጅት በውስጡ 65,536 ንኡሳን መረቦች መዘርጋት ይችላል። ለመኖሪያ ቤትም ይህን ያህል መስጠት ይገባል ወይ የሚለው ብዙ አከራክሯል። በ2003 ዓ.ም. የተሻሻለው የቴክኒክ ምክር ለሁሉም እኩል ይሰጥ የሚለውን ትቶ ውሳኔውን ለአገልግሎት ሰጪው ተወ፤ ለቤት 256 መረብ መስጠትም የተለመደ ሆነ። አሳሳቢው ከዚህም መቈንጠር ነው። ለመሐል ሜዳ ትምህርት ቤት ወይም ለዓለም ከተማ ጤና ጣቢያ አንዲት መረብ ብቻ ቢሰጥ፣ የትናንቱን ዕጥረት በጥጋብ ዘመን መልሶ መፍጠር ይሆናል።

የመንዝ ጓሳ ሣር ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች ተጠብቆ፣ በአንዳንድ ዘመን ለዓመታት ተዘግቶ፣ ሲከፈት ባለመብቶቹ በጋራ የሚያጭዱት ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ጥበቃው ሲላላ ሣሩም ተጐዳ። አድራሻም እንዲሁ በመጠቀም መብት የሚያዝ እንጂ የሚሸጥ ሀብት አይደለም የሚል ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ አፍሪኒክ ግን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ ጉዳይ በፍርድ ቤት ሲሟገት ቆይቶ፣ በ2016 ዓ.ም. መባቻ ፍርድ ቤት በሾመው አስተዳዳሪ እጅ ወደቀ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንና አገልግሎት ሰጪዎቹ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም የየክልሉንና የየወረዳውን ድርሻ የሚያሳይ ዕቅድ ማውጣት የሚሻላቸው አድራሻው በስፋት ከመታደሉ በፊት ነው። አንድ ጊዜ የታደለ አድራሻ ሲለወጥ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የመሣሪያ ቅንብር አብሮ ይለወጣልና።