የፀሐይ ኃይል በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፦ ከተከላው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ




የፀሐይ ኃይል ወደ ገጠር አጥቢያዎቻችን በሁለት በር እየገባ ነው፤ በልማት ፕሮጀክትና በምእመናን ስጦታ። በዐረብ አገር ወይም በአሜሪካ የሚኖሩ የአጥቢያው ልጆች ገንዘብ አዋጥተው ይልካሉ፤ ሶላሩ ተገዝቶ ለክብረ በዓሉ ይደርሳል፤ በዋዜማው ቅኔ ማኅሌቱ በብርሃን ይሞላል። ንብረቱን ማን ይረከበዋል፣ ማንስ ያድሰዋል የሚለው ግን በቃለ ጉባኤ ሳይሰፍር ይቀራል።

በ2011 ዓ.ም ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም፣ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ኤሌክትሪክ ለሁሉም እንዲዳረስ፣ ከዚህም 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጭ ባሉ እንደ ሶላር በመሳሰሉ አማራጮች እንዲሆን አልሞ ነበር። ዘመኑ ደረሰ፤ ግቡ አልተሟላም። ስለዚህ «መስመሩ ሊመጣ ነው» በሚል ተስፋ ዓመታት የጠበቁ አጥቢያዎች አሉ። ትልቅ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የወረዳውን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ጠይቁ፤ የቃል ተስፋ ለዕቅድ አይበቃም።

ከሁሉ የሚከብደው ባትሪው ነው። ፓነሉ ከ20 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ የተለመደው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ግን በደኅና ቢያዝ እንኳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መለወጡ አይቀርም። ባትሪ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለመለወጫ ብሎ በብር ያጠራቀመ አጥቢያ ገንዘቡ ባለበት ሳለ ባትሪው ራቀበት። ስለዚህ የመለወጫው መዋጮ በየዓመቱ በወቅቱ ዋጋ እየተከለሰ ይያዝ እንጂ በተተከለበት ዓመት ሒሳብ አይቁም።

ስለ ደኅንነት ሲነሣ ብዙዎቻችን ሌባን እናስባለን። ተገቢ ነው፤ በተራ ብሎን ለታሰረ ፓነል አንድ መፍቻ ይበቃል። ብሎኑን መበየድ፣ በጀርባው የአጥቢያውን ስም በማይለቅ ቀለም መጻፍ፣ መለያ ቁጥሩንም በንብረት መዝገብ ማስፈር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

እኔን ግን ከሌባው ይልቅ እሳቱ ያሳስበኛል። ፀሐይ እስካለች ድረስ ፓነሉ ኃይል ማመንጨቱን አያቆምም፤ ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት ከፓነሉ የሚወርደውን ሽቦ አያጠፋውም። በእንጨት በተዋቀረና በሣር በተከደነ ቤተ መቅደስ ላይ የላላ ወይም የተላጠ ሽቦ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለእናንተ መንገር አያሻም። ቦታ ሲጠብ ደግሞ ባትሪው ከብራና መጻሕፍትና ከአልባሳት ጋር በዕቃ ቤት እንዲቀመጥ ይፈረዳል። የእርሳስ ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፤ አሲዱም ብራናን ያበላሻል። ለእርሱ ከቤተ መቅደሱ ራቅ ያለች፣ ነፋስ የምታገኝ ትንሽ ክፍል ትሠራለት። ጥንታዊ አድባራትን በሚመለከት ሌላም ጉዳይ አለ፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእንክብካቤ ሥራ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ለሽቦ ማሳለፊያ ሥዕል ያለበትን ግድግዳ መብሳት የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብቻውን የሚወስነው ጉዳይ አይደለም።

የደከመው ባትሪስ ወዴት ይሄዳል? በብዙ ቦታ ከአጥሩ ሥር ይጣላል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ በግቢያችን ደግሞ የአብነት ተማሪዎች ያድራሉ፣ ከአጥሩ በታችም ጠበሉ ይፈልቃል። ሻጩ አሮጌውን ባትሪ መልሶ እንዲረከብ የሚያስገድድ አንቀጽ በግዢው ውል ውስጥ ይግባ፤ ይህን የማይቀበል ነጋዴ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።