በእግር የሚጎበኙት የአየርላንድ መንደሮችና የኅብረት ሥራቸው

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ በሌላ አገር ስላሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አጭር ንግግር እንዳቀርብ ሲያዘኝ፣ ስለ ወተት ወይም ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት እንደምናገር ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን የመረጥኩት እንግዳ ተቀብለው፣ መንገድ አሳይተውና ቋንቋቸውን አስተምረው ገቢ ስለሚያገኙ የገበሬና የዓሣ አጥማጅ መንደሮች ነው።

አየርላንድ ከእንግሊዝ በስተምዕራብ ያለች ደሴት ናት። በምዕራቡ የባሕር ጠረፍ፣ ነፋስ በማያቋርጥበትና መሬቱ ድንጋይና ረግረግ በሆነበት አካባቢ፣ ሕዝቡ የአባቶቹን የአይሪሽ ቋንቋ እስከ ዛሬ ይዞ የቆየባቸው መንደሮች ይገኛሉ። በአንድነት ጌልታኽት ይባላሉ። ቋንቋው እዚያ የተረፈው አካባቢው ከከተማና ከገበያ የራቀ ስለነበረ ነው። ድህነቱም እዚያው ነበር።

ድህነቱን ለመረዳት ስለ ድንች ማንሳት ግድ ይላል። ድሃው የአየርላንድ ገበሬ የሚበላው ድንች፣ ያውም በአብዛኛው ላምፐር የሚባል አንድ ዝርያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1845 ቅጠሉን አጥቁሮ ድንቹን መሬት ውስጥ የሚያበሰብሰው በሽታ ገባ። በሽታው እኛም በክረምት ማሳችን ላይ የምናውቀው ነው። እስከ 1852 ድረስ በዘለቀው ረሃብ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ደግሞ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ከሞተውና ከተሰደደው አብዛኛው የምዕራቡ ድሃ ስለነበር ቋንቋውም አብሮ ተጎዳ። ስደቱ ከረሃቡ በኋላም አላቆመም።

እ.ኤ.አ. በ1951 አባ ጄምስ ማክዳየር የተባሉ የካቶሊክ ቄስ በዶኒጎል አውራጃ ወደምትገኘው ግሌን ኮለምኪል ተመድበው መጡ። ወጣቱ ትምህርቱን እንደጨረሰ ሻንጣውን ይዞ ይሄድ ነበር። እርሳቸው ሕዝቡን አስተባብረው አዳራሽ አሠሩ፤ መብራትና የቧንቧ ውኃ እንዲገባ ባለሥልጣናትን ወተወቱ። በ1960ዎቹም አትክልት አምርቶና አዘጋጅቶ ለመሸጥ፣ የሹራብ ሥራም ለማስፋፋት በኅብረት ሥራ መልክ ተንቀሳቀሱ። የአትክልቱ ሥራ ብዙ ችግር ገጥሞታል። እስከ ዛሬ የቆመው ግን ሰው ሁሉ እንደ ቁም ነገር ያልቆጠረው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የመንደሩ ሰዎች በ18ኛው፣ በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን አያቶቻቸው ይኖሩባቸው የነበሩትን የሣር ክዳን ቤቶች አስመስለው ሠሩ፤ አሮጌ የእርሻ መሣሪያና የቤት ዕቃ ከየቤታቸው አምጥተው አስገቡበት። እንግዳ ከፍሎ ይገባል። ልብ በሉልኝ፣ የተሸጠው የሚያፍሩበት የነበረው ጎጆ ነው!

እንግዳው የሚመጣው በአብዛኛው በእግሩ ለመሄድ ነው። በአቅራቢያው ስሊቭ ሊግ የሚባለው ገደል ከባሕሩ በላይ 600 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። መንደሩ ስሙን ያገኘው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ከቅዱስ ኮልም ኪል ሲሆን፣ ትርጉሙም የቤተ ክርስቲያን ርግብ ማለት ነው። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን ምእመናን 15 ጥንታዊ የጸሎት ቦታዎችን እየዞሩ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ፤ የጥንቱ ሥርዓት በባዶ እግር ነው። ለእኛ አገር ሰው ይህ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም።

ለገበሬ አባላት በተለይ ልንገራችሁ የምፈልገው የመንገዱን ጉዳይ ነው። በዚያ አገር እግረኛ በገበሬ ማሳ እንደልቡ የማለፍ መብት የለውም፤ ባለመሬቱ መፍቀድ አለበት። በግ ወዳለበት ውሻ ይዞ መግባትም በብዙ ቦታ ክልክል ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ መንግሥት በተመረጡ የእግር መንገዶች ላይ መሬታቸው ለሚታለፍባቸው ገበሬዎች፣ አረም ሲያጭዱና የአጥር መሸጋገሪያ ሲጠግኑ የድካማቸውን ይከፍላል። በእኔ አስተያየት ይህ ከብዙ የቱሪዝም ዕቅድ ይበልጣል፤ እንግዳው የሚረግጠው የገበሬውን መሬት ሆኖ ሳለ ገቢው በሆቴል ብቻ የሚቀር ከሆነ ገበሬው አንድ ቀን መንገዱን በእሾህ መዝጋቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ገቢ ቋንቋው ራሱ ነው። በግሌን ኮለምኪል እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው ኦይዳስ ጌል ለአዋቂዎች ቋንቋውን ከተራራ ጉዞ፣ ከሽመናና ከሙዚቃ ጋር አያይዞ ያስተምራል። በሌሎቹ የጌልታኽት መንደሮችም እኛ በክረምት ጭቃ ውስጥ በምንሆንበት ወቅት፣ የከተማ ተማሪዎች ለሦስት ሳምንት ያህል መጥተው በገበሬ ቤት ያድራሉ። የምታስተናግዳቸው እናት በቋንቋቸው የቤቱ እመቤት ትባላለች። መንግሥት በየተማሪው ልክ ለቤተሰቡ ድጎማ ይሰጣል። ልጆቹ እንግሊዝኛ እንዳይናገሩ ሕግ አለ።

ይሁን እንጂ ሥራው ያለ ስጋት አይደለም። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት እ.ኤ.አ. የ2020 እና የ2021 የተማሪዎች ትምህርት ተሰረዘ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የእንግዳ አልጋ ባዶ አደረ። የድንቹን ታሪክ ለሚያውቅ የልማት ሠራተኛ በአንድ ሰብል መንጠልጠል ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። በግ ወይም ዓሣ የነበረው ቤተሰብ ከሌለው ይሻል ነበር።

ቋንቋውም ቢሆን ገና አልዳነም። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ቆጠራ በጌልታኽት ከሚኖረው 106 ሺህ ያህል ሕዝብ ከትምህርት ቤት ውጪ ቋንቋውን በየቀኑ የሚናገረው 20 ሺህ ያህሉ ብቻ ነው። የቦታው ውበትም በራሱ ጣጣ አመጣ፤ ገንዘብ ያለው የከተማ ሰው ለዕረፍት ቤት ይገዛል፣ ዋጋው ይወጣል፣ የመንደሩ ተወላጅ ትዳር ይዞ የሚገባበት ጎጆ ያጣል። በሞቃቱ ወራት መብራት የሚበራባቸው፣ በብርዱ ወራት ግን ጨለማ የሆኑ ቤቶች ያሉባቸው መንደሮች ዛሬ ከምክር ቤቶቻቸው ጋር የሚከራከሩት በዚሁ ነው፤ አዲስ ቤት ሲሠራ ቋንቋውን ለሚናገር ነዋሪ ቅድሚያ ይሰጥ ይላሉ።