ካሜራው በማን እጅ ነበር?



ፋሺስት ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረረበት ዘመን ጠመንጃና ካሜራ አብረው ገቡ። ጅማን የአንድ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋት። ለሠራው መንገድና ሕንፃ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ስሙን ጻፈ፤ የእኛን ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ስም አነሣቸው።

ያን ዘመን በቪዲዮ መልሶ ያየ ወገን አለን፤ ቴዎ እሸቱ ይባላል። የታሪክ ጸሐፊው የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የልጅ ልጅ ነው። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 በ15 ስክሪኖች አሳየ። ስክሪኖቹን የደረደራቸው የንግሥተ ሳባን ታሪክ በየክፍሉ እንደሚተርከው ሥዕላችን ነው። (ያን ሥዕል በየሱቁ ስለሚሰቀል የሚንቀው አይጠፋም!)

ሐውልቱንስ ዓለም ያውቀዋል። የደዶንና የጅማን ማን ይቅረጽልን? የወረራውን ነገር ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙ ሽማግሌዎች እያለቁብን ነው፤ ካሜራው ደግሞ ዛሬ በየኪሳችን አለ። ስለዚህ ከዚያ አገር የመጣን ተማሪዎች በመጪው ዕረፍት ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ እንደ ተናገሩት፣ ከነስማቸው ልንቀርጽ ተስማምተናል። አብሮን የሚሄድ ከስብሰባው በኋላ ይመዝገብ።