ልዩ ድጋፍ የሚሻው ማን ነው?



በጀት ሲደለደልም ሆነ እርዳታ ሲከፋፈል ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ለማን?» የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንን፣ ያለወላጅና ያለአሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን አቅም በፈቀደ መጠን የመርዳት ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ጥሏል። ዝርዝሩ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ጡረታ የሚቀበሉ አዛውንትና ጧሪ ያጡ ባልቴት በአንድ መዝገብ ቢሰፍሩም ኑሯቸው ለየቅል ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከዚህ አለፍ ብሎ ይጠይቃል፦ ቤተሰቡ ቀለቡ ከዓመት ዓመት ያደርሰዋል ወይ? ለሥራ የደረሰ ጉልበትስ አለው? ያለው በእርከንና በመንገድ ሥራ ይሰማራል፤ የሌለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ከሥራው ለጊዜው ነፃ ሆና ክፍያዋ ይቀጥላል። ተጋላጭነት የዕድሜ ልክ ብቻ ሳይሆን የወራትም ሊሆን እንደሚችል ይህ አሠራር ያሳየናል።

ትልቁ ፈተና ምልመላው ላይ ነው። ጎረቤት የጎረቤቱን ጓዳ ስለሚያውቅ ተጠቃሚው በማኅበረሰቡ ፊት መለየቱ ተገቢ ነው። ይሁንና ስብሰባው ቀበሌ ሲጠራ የአልጋ ቁራኛው አይመጣም፤ አስታማሚውም ጥሎት አይወጣም። መስማት የተሳናት ሴት ብትመጣ እንኳ አስተርጓሚ ከሌለ የተባለውን ሳታውቅ ትመለሳለች። የተመረጡት ስም ሲለጠፍ ዓይነ ስውሩ አያነበውም። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ቢኖርም፣ አቤት የሚለው መቅረቱን ያወቀ ነው። እንዲህ እያለ፣ ሰውን ለችግር የዳረገው ያው ምክንያት ከመዝገቡም ያስቀረዋል።

ስለዚህ ትርጓሜያችን ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ፦ ሰውየውን ከአገልግሎቱ ያገደው ምንድን ነው? እስከ መቼ? እንቅፋቱን ማንሳት ያለበትስ ማን ነው? ዊልቸር ተጠቃሚዋን ከቢሮ ደጅ የሚመልሳት ደረጃው ከሆነ፣ ተጠያቂው የሕንፃው ባለቤት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል።

ሐሳቤን በአንድ ጥያቄ ልቋጭ፦ መልማይ ኮሚቴዎች መዝገቡን ከመዝጋታቸው በፊት ከስብሰባው የቀረው ማን እንደሆነ ጠይቀው፣ ቤቱ ድረስ ይሂዱ። ይህን ያላደረገ ኮሚቴ መዝገቡ አይጽደቅለት።